«አይ ዋዝ ጎ» እና «አይ አም ቦሪንግ»፦ ኃላፊ ጊዜንና የስሜት ቅጽሎችን በንግግር ክፍል አብሮ ማስተማር ይሻላል?

የማታ_ክፍል፦

ሰላም ለእንግሊዝኛ መምህራን በሙሉ። ጥያቄዬ ስለ ጎልማሶች የማታ የንግግር ክፍል ነው። አዲስ አበባ፣ 14 ተማሪ፣ በሳምንት ሁለት ቀን፣ በየቀኑ 90 ደቂቃ። አብዛኞቹ 12ኛ ክፍልን ጨርሰዋል። «ጎ፣ ዌንት፣ ጎን» በሉ ሲባሉ ዝርዝሩን እንደ ውዳሴ ማርያም ይወርዱታል፤ ባዶ ቦታ ሙሉ ቢባሉም አይቸገሩም። ትናንት እንዴት እንደዋሉ ሲያወሩ ግን የሚሰማው ይህ ነው፦

«የስተርደይ አይ ዋዝ ጎ ቱ መርካቶ»
«አይ ዌክ አፕ፣ አይ ዎሽ ማይ ፌስ፣ አይ ኢት ብሬክፋስት ኤንድ አይ ዌንት ቱ ዎርክ»
«አይ ዲድንት ዌንት»
«አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ»
«ዲድ ዩ ሃፒ?»
«ዘ ታክሲ ዋዝ ሌት፣ አይ ዋዝ ቬሪ ቦሪንግ»

የምንጠቀምበት መጽሐፍ ኃላፊ ጊዜን መጀመሪያ፣ የስሜት ቅጽሎችን ደግሞ ከብዙ ምዕራፍ በኋላ ነው የሚያመጣው። ሰው ያለፈ ነገር ሲያወራ ግን ስሜቱ አብሮ ይመጣል፤ ለይቶ ማስተማሩ ልክ አልመስል አለኝ። አብሬ ላስተምራቸው ወይስ ይበልጥ ግራ ይጋባሉ? ከየትኛው ልጀምር? ደግሞ በየቃሉ ሳርማቸው ዝም ይላሉ፣ ካላረምኳቸው ደግሞ ስህተቱ ይለመዳል።

ቦዝ_አንቀጽ፦

መምህር፣ የዘረዘሯቸው ስህተቶች አንዳቸውም በዘፈቀደ የመጡ አይደሉም። አምስቱ የአማርኛውን ሥርዓት በትክክል ተከትለው የተሠሩ ናቸው። ስለ «ቦሪንግ» ሌላ ሰው ይመልስልዎት፤ እኔ ስለ ግሶቹ ልናገር።

ትልቁ ጣጣ ያለው «ነበር» ላይ ነው። «ትናንት መርካቶ ሄጄ ነበር»፣ «ልጅ እያለሁ መርካቶ እሄድ ነበር»፣ «ስትደውይልኝ ወደ መርካቶ እየሄድኩ ነበር»። ሦስቱም በ«ነበር» ይዘጋሉ። ተማሪው «ነበር ማለት ዋዝ ነው» የሚለውን ገና በልጅነቱ ስለያዘ ሦስቱንም «አይ ዋዝ ጎ» ያደርጋቸዋል። በእንግሊዝኛ ግን የመጀመሪያው «አይ ዌንት»፣ ሁለተኛው «አይ ዩዝድ ቱ ጎ»፣ ሦስተኛው «አይ ዋዝ ጎዊንግ» ነው። የመጀመሪያውን አንዳንድ ጎበዝ ተማሪዎች «አይ ሃድ ጎን» ይሉታል፤ «ሄጄ ነበር» ቅርጹ ፓስት ፐርፌክት ስለሚመስል ነው። በአማርኛ ወሬ ውስጥ ግን «ሄጄ ነበር» አብዛኛውን ጊዜ ሄዶ መመለስን ብቻ ነው የሚናገረው።

ተማሪውን ይበልጥ የሚያሳስተው «ነበር»ን በ«ዋዝ» መተካት አንዳንዴ ልክ መሆኑ ነው። «ቤት ነበርኩ» ሲል «አይ ዋዝ አት ሆም»፣ «ደክሞኝ ነበር» ሲል «አይ ዋዝ ታየርድ»። ቦታና ስሜት ሲሆን ይሠራል፣ ድርጊት ሲሆን አይሠራም። ስለዚህ ለዋናው ጥያቄዎ መልሴ አብረው ይማሯቸው የሚል ነው። ለየብቻ ከተማሯቸው በስሜት ምዕራፍ ላይ የያዙት «ዋዝ» ተመልሶ ግሱ ላይ ይለጠፋል። «ዲድ ዩ ሃፒ?» የሚለውም የዚሁ ግልባጭ ነው፤ ለግስ የተማሩትን «ዲድ» ለቅጽል ሰጡት።

መልመጃው እንዲህ ነው። 24 ካርድ ይቁረጡ። በእያንዳንዱ ላይ በ«ነበር» የሚያልቅ አጭር የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ 6 ቦታ ወይም ስሜት፣ 6 ተፈጽሞ ያለቀ ድርጊት፣ 6 የድሮ ልማድ፣ 6 በሂደት ላይ የነበረ ድርጊት። በቡድን ሆነው መጀመሪያ አራት ክምር ያድርጓቸው፤ እንግሊዝኛ ገና አይናገሩ። 8 ደቂቃ ይበቃል። ክምሮቹ ልክ ከሆኑ በኋላ በየተራ አንድ ካርድ አንስተው በእንግሊዝኛ ይበሉት። ሰሌዳው ላይ አንድ ነገር ብቻ ይጻፉ፦ ከ«ዋዝ» ቀጥሎ ቦታ፣ ስም፣ ቅጽል ወይም «ኢንግ» ያለው ግስ ይመጣል፤ እርቃኑን የሆነ ግስ አይመጣም። «ዋዝ ስቶለን»ን የመሰሉት ተደራጊዎች ለሌላ ቀን ይቆዩ፤ በዚህ ደረጃ ያደናግራሉ። «እሄድ ነበር» ከ«ብ» ጋር ሲመጣም፣ «ብችል እሄድ ነበር» እንደሚባለው፣ ልማድ ስላልሆነ ካርዱ ውስጥ አይግባ።

ሁለተኛው፣ የ«ዌክ አፕ፣ ዎሽ፣ ኢት፣ ዌንት» ነገር። ብዙ መምህር ይህን እንደ ግዴለሽነት ያየዋል፤ እኔ ግን ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ተማሪው በዚህ ሲወቀስ ነው። አማርኛውን እንመልከተው፦ «ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ቁርሴን በልቼ ወደ ሥራ ሄድኩ»። ጊዜውን የተሸከመው መጨረሻ ላይ ያለው «ሄድኩ» ብቻ ነው። «ተነስቼ»፣ «ታጥቤ»፣ «በልቼ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ የራሳቸው ጊዜ የላቸውም፣ ከማሰሪያው ይዋሳሉ። ተማሪው በእንግሊዝኛም የመጨረሻውን ግስ ብቻ ወደ ኃላፊ ጊዜ ያመጣና ሌሎቹን ይተዋቸዋል። በእንግሊዝኛ እያንዳንዱ ግስ ሸክሙን ራሱ ነው የሚሸከመው።

ለዚህ ጣት ይበቃል። አምስት ግስ ያለው የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ቀስ ብለው ይናገሩ፤ ተማሪዎቹ ለእያንዳንዱ ግስ አንድ ጣት ያንሱ። ከዚያ ያንኑ በእንግሊዝኛ ሲናገሩ በየግሱ አንድ ጣት ያጥፉ፤ ማጠፍ የሚቻለው ግሱ በኃላፊ ጊዜ ከተባለ ብቻ ነው። በሦስት ግስ ጀምረው ወደ ስድስት ያሳድጉት። ከስድስት በላይ ሲሆን ትዝታቸው ያልቃል፤ ሰዋስው ሳይሆን የማስታወስ ፈተና ይሆናል።

ቀሪዎቹ ቀላል ናቸው። «አልሄድኩም» ውስጥ «ሄድኩ» እንዳለ ስላለ «ዲድንት ዌንት» ይላሉ፤ ጊዜውን «ዲድ» ወስዶታል፣ ግሱ ወደ ቤቱ ይመለስ በሏቸው። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ጥሩ ነው፤ «ሃቭ ሲን» ግን ካለቀ ጊዜ ቃል ጋር አይቀመጥም። «የስተርደይ»፣ «ላስት ዊክ»፣ «ኢን 2015» ከተባለ ሲምፕል ፓስት («ዌንት» ዓይነቱ ተራ ኃላፊ ጊዜ) ብቻ። ፓስት ፐርፌክትን ለጊዜው ይርሱት፤ ታሪኩ በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ከተነገረ «አፍተር» እና «ቢፎር» ይበቁታል።

ሰሚ_ልብ፦

ቦዝ አንቀጽ በደንብ አስቀምጦታል። ስለ «ቦሪንግ» እኔ ልቀጥል፤ እዚህ ላይ አማርኛው ራሱ ያግዛል።

አሰልቺ፣ አድካሚ፣ አስገራሚ፣ አስፈሪ፣ አሳፋሪ፣ አደናጋሪ፣ አናዳጅ፣ አሳሳቢ። በ«አ» ወይም በ«አስ» የሚጀምሩት እነዚህ ሁሉ ስሜቱን ሌላው ላይ የሚያመጣው ነገር መጠሪያ ናቸው። እንግሊዝኛው «ኢንግ» የሚያደርጋቸውም እነሱን ነው፦ ቦሪንግ፣ ታየሪንግ፣ ሰርፕራይዚንግ፣ ፍራይተኒንግ፣ ኢምባረሲንግ፣ ኮንፊውዚንግ፣ አኖዪንግ፣ ወሪዪንግ። ስለዚህ ተማሪው «አይ ዋዝ ቦሪንግ» ሲል ሕግ አይጥቀሱበት፤ «አሰልቺ ነበርክ ወይስ ሰልችቶህ ነበር?» ብለው ይጠይቁት። ጆሮው ወዲያው ይነግረዋል። «አ» የሌላቸው ጥቂቶች አሉ፤ ማራኪ፣ ዘግናኝ፣ የወጣቶቹ «ደባሪ» ሳይቀር። ትርጉማቸው ግን ያው አድራጊ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ ደግሞ ተማሪዎቹ ሳያውቁት ልዩነቱን በአማርኛ ውስጥ ይዘውታል። «ኮንፊውዝ አደረገኝ»፣ «ኮንፊውዝድ ሆንኩ» ይላሉ። «አደረገኝ» የተባለለት ነገር «ኮንፊውዚንግ» ነው፣ «ሆንኩ» ያለው ሰው «ኮንፊውዝድ» ነው። «ሰርፕራይዝ አደረጉኝ»ም እንዲሁ። ይህን አንድ ጊዜ ካሳዩአቸው ደጋግሞ ማስረዳት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ግን እባክዎ አያስተምሩ፦ «ለሰው ኢድ፣ ለነገር ኢንግ» የሚለውን። በየመማሪያው አለ፣ ስህተት ነው። «አወር ቦስ ኢዝ ቦሪንግ» ፍጹም ትክክል ነው፤ አለቃው ሌሎችን ያሰለቻል። መጠየቅ ያለበት ስሜቱ ማን ውስጥ ነው የሚለው ነው። «ቦርድ» ስሜቱ ያደረበት፣ «ቦሪንግ» ስሜቱን ያመጣው።

ከዚያ ደግሞ የጊዜ ወጥመድ አለ፤ ሁለቱን ርዕሶች የሚያገናኘውም ይኸው ነው። «ደከመኝ»፣ «ራበኝ»፣ «ሰለቸኝ» ቅርጻቸው ኃላፊ ነው፣ ትርጉማቸው ግን አሁን ነው። አሁን የራበው ሰው «አይ ዋዝ ሃንግሪ» ካለ እንግሊዝኛ ተናጋሪው በልቶ የጠገበ ይመስለዋል። «ደክሞኛል» ደግሞ «አይ ሃቭ ታየርድ» ይሆንባቸዋል። «ናፍቀኸኛል»ም እንዲሁ ነው፤ ስልክ ላይ እያሉ «አይ ሚስድ ዩ» ይላሉ፣ ገና ሳይገናኙ። በስልክ «አይ ሚስ ዩ»፣ ተገናኝቶ ሲተቃቀፉ «አይ ሚስድ ዩ»። ከክፍል ለደቂቃ ሲወጡ «መጣሁ» የሚሉትን እንኳ በዚህ አጋጣሚ ማንሳት ይቻላል፤ የኃላፊ ቅርጽ ለገና ለሚሆን ነገር ሲያገለግል ጥሩ ምሳሌ ነው።

ስለዚህ መልመጃው፦ «አሁን» እና «ያን ቀን» የሚሉ ሁለት ወረቀቶች በክፍሉ ሁለት ግድግዳ ላይ ይለጠፉ። እርስዎ «ደከመኝ»፣ «ደንግጬ ነበር»፣ «ተናድጃለሁ»፣ «ሰልችቶን ነበር» እያሉ ይጥሩ፤ ተማሪው ወደሚመለከተው ግድግዳ ሄዶ በእንግሊዝኛ ይበለው። 12 ዓረፍተ ነገር፣ 6 ደቂቃ። ተነስተው መንቀሳቀሳቸው ከሥራ ደክመው ለሚመጡ ሰዎች በጣም ይረዳል።

በአንድ ቀን ከ6 ጥንድ አይበልጡ። እንግሊዝኛው ራሱ ጥንድ የማያደርጋቸውንም ቀድመው ያሳዩ፣ አለዚያ «ስኬሪንግ» ይፈጥራሉ። ስኬርድ ካለ ስኬሪ፣ ስትረስድ ካለ ስትረስፉል፣ ኢምፕረስድ ካለ ኢምፕረሲቭ። «ሳድ» ለሁለቱም ያገለግላል፤ ታሪኩም ሰውየውም «ሳድ» ናቸው።

ስለ ማፈር ለብቻው 10 ደቂቃ ይስጡ። «አፈርኩ» ወይም «ሼም ያዘኝ» በእንግሊዝኛ ሦስት ቦታ ይከፈላል። ሰው ፊት አዳልጦት የወደቀ «ኢምባረስድ» ነው፣ ዋሽቶ የተጸጸተ «አሼምድ»፣ በተፈጥሮው ሰው የሚያፍር «ሻይ»። ሦስቱን ማቀያየር ትርጉሙን ክፉኛ ያዛባል።

የማታ_ክፍል፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ሁለታችሁም። «አሰልቺ ነበርክ ወይስ ሰልችቶህ ነበር» የሚለውን ዛሬ ማታውኑ እሞክረዋለሁ። አንድ የቀረኝ የመጨረሻው «ኢድ» አነባበብ ነው። «ወርክድ»ን «ወርኪድ»፣ «ስቶፕድ»ን «ስቶፒድ» ይሉታል፤ ሁለተኛውማ ስድብ ይመስላል።

ድምፅ_አጥኚ፦

ፊደላችን ተነባቢን ከአናባቢ ጋር አጣብቆ ስለሚጽፍ፣ አማርኛም ቃል ውስጥ ተነባቢዎች ሲደራረቡ መሐላቸው አጭር አናባቢ ስለሚያስገባ የመጣ ነው። በተጨማሪም የተጻፈውን «ኢ» አይተው ያነቡታል። መጀመሪያ ያለ ጽሑፍ በጆሮ ብቻ ያስተምሩት።

ጣት ጉሮሮ ላይ ይቀመጥ። የግሱ የመጨረሻ ድምፅ ጉሮሮ ካነዘረ መጨረሻው «ድ» ነው፦ ፕሌይድ፣ ሊቭድ፣ ኮልድ። ካላነዘረ «ት» ነው፦ ዎርክት፣ ስቶፕት፣ ዎችት። ግሱ ራሱ በ«ት» ወይም በ«ድ» ካለቀ ብቻ «ኢድ» ይሰማል፦ ዎንቲድ፣ ኒዲድ። ስሜቶቹም በዚሁ ሕግ ስለሚሄዱ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይጨርሳሉ። ቦርድ፣ ታየርድ፣ ኮንፊውዝድ፣ ሰርፕራይዝድ በ«ድ»፤ ሾክት፣ ስትረስት፣ ኢምባረስት፣ ሪላክስት በ«ት»፤ ኤክሳይቲድ፣ ዲሳፖይንቲድ፣ ኢንተረስቲድ በ«ኢድ»።

መደራረቡ አሁንም ካስቸገራቸው በአናባቢ የሚጀምር ቃል ያስከትሉ፤ «ት»ው ወደሚቀጥለው ቃል ይሻገራል። «ስቶፕድ አት» ሲባል «ስቶፕ ታት»፣ «ዎርክድ ኢን» ሲባል «ዎርክ ቲን»፣ «ሊቭድ ኢን» ሲባል «ሊቭ ዲን»። ይህ ለምላሳቸው ይቀላል፤ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎችም የሚሉት እንዲያው ነው። ቀጥሎ ተነባቢ ሲመጣ፣ ለምሳሌ «ዎክድ ቱ» ላይ፣ ድምፁ ሊዋጥ ይችላል፤ እዚያ ላይ አያስጨንቋቸው። ሲያዳምጡም ጊዜውን ከ«የስተርደይ» እና ከመሰሎቹ እንዲይዙ ይንገሯቸው።

ዲያስፖራ_መምህር፦

ከላይ ያሉት ሁሉ ሁሉም ተማሪ አማርኛ የሚያውቅበት ክፍል ላይ ይሠራሉ። አሜሪካ ውስጥ ስደተኞችን የምታስተምሩ ካላችሁ ግን፣ ከአማርኛ ተናጋሪው ጎን ስፓኒሽና ዳሪ ተናጋሪ ይቀመጣል፤ የ«ነበር» ካርድ እዚያ አይሆንም። በሥዕል ተኩት፦ አልቆ የተዘጋ በር፣ በየዓመቱ የተከበበ የቀን መቁጠሪያ፣ ግማሽ መንገድ ላይ ያለ ሰው፣ ፊት። አራቱ ክምሮች ያው ናቸው።

ደግሞ እኔ ፕረዘንት ፐርፌክትን («ሃቭ ሲን» ዓይነቱን) እስከመጨረሻው አላቆየውም። ለአሜሪካ ዜግነት በሚደረገው ቃለ መጠይቅ ከኤን-400 ማመልከቻ ላይ «ሃቭ ዩ ኤቨር» እያሉ የሚጠይቁት ብዙ ነው። ጥያቄው በ«ሃቭ» ይመጣል፤ መልሱ «የስ» ከሆነና ዝርዝር ከተጠየቀ ወዲያው ወደ ሲምፕል ፓስት ይዞራል፣ መቼና የት ስለሚባል። ይህን መዞር ብቻ ለይቶ ማለማመድ ይበቃል።

ሰዓትም አይረሳ። ትናንትን ሲያወሩ «አት ቱ ኦክሎክ ኢን ዘ ሞርኒንግ» የሚሉት ጠዋት 2 ሰዓትን ነው፤ ሰሚው ሌሊት ይመስለዋል። ግሱ ሁሉ ልክ ሆኖ ታሪኩ በስድስት ሰዓት ይዛባል። ትረካ ከመጀመሩ በፊት በእንግሊዝኛ አቆጣጠር 8 መሆኑን ሁለት ደቂቃ አስታውሷቸው።

ቦዝ_አንቀጽ፦

ዲያስፖራ መምህር ልክ ነው፤ «ሃቭ ዩ ኤቨር» ለሚያስፈልጋቸው ይቅደም።

መምህር፣ ስለ እርማቱ ስላልመለስኩልዎ ይህን ልጨምር። የ90 ደቂቃውን የመጨረሻ 40 ለትረካ ይተዉ። 14ቱን በሁለት ሰልፍ ፊት ለፊት ያቁሟቸው፣ 7 ጥንድ። ርዕሱ «ሃፒ ሆናችሁ የምታውቁት መቼ ነው» አይሁን፤ ጎልማሳ ሰው ባልደረባው ፊት ልቡን አይከፍትም። ክስተት ይስጧቸው፦ መብራት የጠፋበት ማታ፣ የታክሲ ሰልፍ፣ የጠፋ ስልክ፣ የቅዳሜ የኳስ ጨዋታ። ስሜቱ ራሱ ይመጣል። አንደኛው ሰልፍ 4 ደቂቃ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ከዚያ አድማጮቹ አንድ ቦታ ወደ ቀኝ ይሸጋገራሉ፤ ያንኑ ታሪክ ለአዲሱ ሰው በ3 ደቂቃ፣ እንደገና ተሸጋግረው በ2 ደቂቃ። ከዚያ አድማጮቹ በተራቸው ይናገራሉ። ሁለቱ ዙር 18 ደቂቃ ነው፤ በመሸጋገሪያው 20 ያልፋል። ሰዓቱ ካጠራቸው 3፣ 2 እና 1 ተኩል ያድርጉት።

በዚህ ጊዜ ማንንም አያርሙ። ወረቀት ይዘው በሰልፉ ጀርባ እየዞሩ ይጻፉ፤ ስም አይጻፉ። ሲያልቅ 6 ዓረፍተ ነገር ሰሌዳ ላይ ያውጡ፣ 4 የተሳሳቱ፣ 2 ትክክል። የትኞቹ ትክክል እንደሆኑ ሳይነግሯቸው በጥንድ ይፈልጉ። ልክ የሆኑትን መቀላቀሉ አስፈላጊ ነው፤ ሁሉም ስህተት ከሆነ ሰሌዳውን ማየት ይጠላሉ። ከዚያ የመጨረሻውን የ2 ደቂቃ ትረካ አንድ ጊዜ ይድገሙት። እርማቱ አፋቸው ላይ መግባቱ የሚታወቀው እዚህ ድግግሞሽ ላይ ነው፤ ጊዜ ቢያጥርብዎ ሌላውን ይቀንሱ እንጂ ይህን አይዝለሉት።